ማሽኑን የነካው ማን ነው? በክፍት ፈቃድ የተለቀቀ የሒሳብ መጽሐፍ ያስነሳው ክርክር

ክፍት ፈቃድ ስላላቸው፣ ማለትም ባለመብቱ ማንም እንዲቀዳቸው አስቀድሞ ስለፈቀደላቸው፣ የመማሪያ ጽሑፎች ከመምህራን ጋር ስንነጋገር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ኮፒ ባደርገው ያስጠይቀኛል?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ አያስጠይቅም፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለዚሁ ነው። ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ቆም ያደርጋል። «የትምህርት ቤታችን ማሽን ይህን ሁሉ ገጽ አይችልም። ፎቶኮፒ ቤት ወስጄ በክፍያ ባስባዛውስ? ፈቃዱ ‹ለንግድ ላልሆነ ዓላማ› ይላል። ፎቶኮፒ ቤቱ ደግሞ ነጋዴ ነው።»

ይህን ጥያቄ «ማን ያይሃል፣ አባዛው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለእኔ ግን አይዋጥልኝም። ባለቤቱ ወዶ የሰጠንን ነገር እንደ ሌባ ተደብቀን መጠቀም የለብንም። በዚያ ላይ ጥያቄው እውነተኛ መልስ አለው። በአሜሪካ አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ የትምህርት ድርጅት በዚሁ ነጥብ ሁለት ትልልቅ የኮፒና የሕትመት አገልግሎት ሰጪዎችን ከሶ፣ ነገሩ ከ2016 እስከ 2019 መጨረሻ በአራት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ታይቷል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክፍት ፈቃድ ያለው ጽሑፍ ይዞ ክፍል ለሚገባ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም የፍርድ ቤት ታሪክ አላውቅም፤ ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ ልተርከው።

መጽሐፉ ከየት መጣ

በ2010 የኒው ዮርክ ስቴት «ሬስ ቱ ዘ ቶፕ» ከተባለው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ውድድር ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አገኘ። ስቴቱ ከዚህ ገንዘብ በከፊል አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አስጻፈ። የሒሳቡን ሥራ የተረከበው መቀመጫውን ዋሽንግተን ዲሲ ያደረገ፣ ያኔ «ኮመን ኮር» ይባል የነበረ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ኋላ ስሙን ለውጦ ግሬት ማይንድስ ተባለ። ከቅድመ መደበኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚዘልቀው ይህ ትምህርት በስቴቱ በኩል «ኢንጌጅ ኤንዋይ» በሚባለው ስብስብ ውስጥ ተለቀቀ፤ ድርጅቱ ራሱ ደግሞ «ዩሬካ ማዝ» በሚል ስም ያወጣዋል። ፋይሉ በነፃ ስለሚወርድ ከኒው ዮርክ አልፎ በሌሎች ስቴቶች ያሉ መምህራንም አስተማሩበት።

ድርጅቱ በሁለት እግሩ ነበር የቆመው። ፋይሉን ማንም አውርዶ እንዲያስተምርበት ለቀቀው፤ ያንኑ ትምህርት ደግሞ በመጽሐፍ መልክ አሳትሞ ይሸጣል፣ ለንግድ ማባዛት ለሚፈልግ ኩባንያም ሮያሊቲ (በሥራው ለመጠቀም ለባለመብቱ የሚከፈል ገንዘብ) እያስከፈለ ለብቻው ይፈቅዳል። በዚህ የሚነቀፍ ነገር አይታየኝም። የሒሳብ መጽሐፍ በአንድ ሌሊት አይጻፍም። ጸሐፊ፣ አርታኢ፣ ሥዕል ሠሪ፣ በክፍል ውስጥ የሚሞክር መምህር ይፈልጋል፤ እነዚህ ሁሉ ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋሉ። ፋይሉን በነፃ ሰጥቶ ከወረቀቱ ጥቂት ገቢ መሰብሰብ ለሁለቱም ወገን የሚበጅ መላ ይመስላል። ጠቡ የተነሣው ከዚህችው ከወረቀቷ ገቢ ላይ ነው።

ፈቃዱ ምን ይላል

መጽሐፉ የተለቀቀበት ፈቃድ በክሪኤቲቭ ኮመንስ የተዘጋጀ ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ በ2001 የተመሠረተ ድርጅት ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች በታኅሣሥ 2002፣ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ዕትም 4.0 ደግሞ በኅዳር 2013 አውጥቷል። ግሬት ማይንድስ የመረጠው በዘርፉ ሰዎች ዘንድ «ባይ ኤንሲ ኤስኤ» የሚባለውን ነው። ሦስት ግዴታ አለው። የሠሪውን ስም ጥቀስ። ለንግድ አትጠቀምበት። አሻሽለህ ለሌላ ካካፈልከው በዚሁ ፈቃድ አካፍል። እነዚህን ለሚጠብቅ ሰው መቅዳትም፣ ማባዛትም፣ መተርጎምም፣ ከክፍሉ ልክ ጋር አስማምቶ መቁረጥና መቀጠልም የተፈቀደ ነው፤ ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ አያስፈልግም።

የመጀመሪያውና የሦስተኛው ግዴታ በዚህ ክስ ውስጥ አልተነሡም። ጠቡ በሙሉ በሁለተኛው ላይ ነው፤ ስለዚህ ቃሉን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ፈቃዱ «ለንግድ ያልሆነ» የሚለውን ሲፈታ፣ በዋነኛነት የንግድ ጥቅምን ወይም የገንዘብ ክፍያን ለማግኘት ያልታሰበ ወይም ወደዚያ ያላነጣጠረ ማለት ነው ይላል።

ይህን ፍቺ ስንት ሰው ሳያነበው እንደሚያልፍ ሳስብ ያሳዝነኛል። ፍቺው ስለ ሰው አይናገርም። «ነጋዴ አይንካው» አላለም፤ «በጎ አድራጊ ድርጅት ብቻ ይጠቀምበት» አላለም። የሚመዝነው አጠቃቀሙ የታሰበበትን ዓላማ ነው። እንግዲያስ ኩባንያም ቢሆን ለንግድ ላልሆነ ነገር ሊጠቀምበት ይችላል፤ በጎ አድራጊ የሚባለውም ቢሆን ለገበያ ካዋለው ፈቃዱን ይጥሳል። «በዋነኛነት» የምትለዋ ቃል ደግሞ የራሷ ክብደት አላት። ከአጠቃቀሙ ጎን ለጎን የሆነ ቦታ ሳንቲም ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ነገሩ ንግድ አይሆንም።

ትምህርት ቤቶቹ ምን አደረጉ

በሚሺጋንና በኒው ዮርክ ያሉ የትምህርት ወረዳዎች የዩሬካ ማዝን ፋይል ይዘው ፌዴክስ ኦፊስ ወደተባለው የኮፒና የሕትመት ኩባንያ መደብሮች ሄዱ፤ መደብሮቹም እንደ ማንኛውም ሥራ ክፍያ ተቀብለው አባዙላቸው።

ለምን ወደ መደብር እንደሚኬድ ለማንም መምህር መንገር አያስፈልግም፤ ቢሆንም ቁጥሩን እንየው። የአንድ ምዕራፍ የተማሪ መልመጃ 200 ገጽ ነው እንበል። በዚያ ክፍል ደረጃ 90 ተማሪ ካለ 18,000 ገጽ ይሆናል። ምዕራፎቹ በዓመት ስድስት ቢሆኑ 108,000 ገጽ። ይህም ለአንድ የክፍል ደረጃ፣ ለአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። በመምህራን ማረፊያ ጥግ የቆመው ማሽን በመቶኛው ገጽ ላይ ይሞቃል፣ ወረቀት ይይዛል፣ ቀለሙ ይሳሳል። መምህሯ ማሽኑን ከፍታ የተጨማደደ ወረቀት ስትጎትት የዕረፍት ደወል ይደወላል። ትልቁ የመደብር ማሽን ግን ግራና ቀኝ ገጹን አትሞ፣ ደርድሮ፣ ጠርዞ ያወጣዋል። ትምህርት ቤቱ መደብር መሄዱ ከንግድ ፍላጎት ሳይሆን ከወረቀት ብዛት የመጣ ነው።

ግሬት ማይንድስ ይህን ሲያውቅ ፌዴክስ ኦፊስን ሮያሊቲ እንዲከፍል ጠየቀ። መደብሩ እምቢ አለ። በ2016 ክሱ በኒው ዮርክ ምሥራቃዊ ዲስትሪክት የፌዴራል ፍርድ ቤት ተከፈተ።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ድርጅቱ ትምህርት ቤቶቹን አልከሰሰም። መጽሐፉን ለማስተማር መጠቀማቸው ለንግድ እንዳልሆነ አልተካደም። የተከሰሰው ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ብቻ ነው።

የከሳሹ ሙግት

የሙግቱን ጥንካሬ ሳያሳዩ ፍርዱን ብቻ መናገር ለከሳሹ ፍትሕ መንፈግ ነው፤ ሙግቱ ደግሞ ብልህ ነበር።

ፌዴክስ ኦፊስ ይላል ግሬት ማይንድስ፣ ሥራዬን የሚያባዛው ለነፍሱ ብሎ አይደለም፤ በገጽ እያሰላ ያስከፍላል፣ ያተርፋል። ፈቃዱ ለንግድ ያልሆነውን ብቻ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ውጪ ላለው አጠቃቀም ሮያሊቲ የመሰብሰብ መብቴን አስቀርቻለሁ። እውነትም ፈቃዱ ይህን መብት ለባለመብቱ በግልጽ ያስቀራል።

ቀጥሎ በፈቃዱ ውስጥ ያለ ሌላ አንቀጽ ጠቀሰ። አንቀጹ ሥራው የደረሰው ማንኛውም ሰው በቀጥታ ከባለመብቱ ያው ፈቃድ እንደቀረበለት ይቆጠራል ይላል። የአንቀጹ ዓላማ መልካም ነው። አንዲት መምህርት ለባልደረባዋ ፋይሉን ብትሰጠው፣ እሱም ለሌላ ቢያስተላልፍ፣ የመጨረሻው ሰው «ማን ፈቀደልህ?» ሲባል የሰንሰለቱን ቀለበት አንድ በአንድ መቁጠር የለበትም፤ ፈቃዱ የመጣለት ከሠሪው ነው። ግሬት ማይንድስ ግን አንቀጹን በመደብሩ ላይ አዞረው። ፋይሉ በመደብሩ እጅ ገብቷል፤ ስለዚህ መደብሩ ራሱ ፈቃድ ተቀባይ ሆኗል። ፈቃድ ተቀባይ ከሆነ ደግሞ የሚታየው የራሱ ዓላማ ነው፤ የራሱ ዓላማ ንግድ ነው። ትምህርት ቤቱ ንጹሕ ቢሆንም መደብሩ ጥሷል።

መጀመሪያ ሳነበው አሳምኖኝ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ሰው ለደግነት የሰጠው ነገር ሌላውን ሲያበለጽግ ማየት ያንገበግባል። እንኳን ድርጅት፣ አንድ መምህር የራሱን የመልመጃ ወረቀት በሌላ ሰው ገበያ ላይ ቢያገኘው ዝም አይልም።

ፍርድ ቤቶቹ እንዴት አዩት

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በየካቲት 2017 ክሱን ዘጋው። ግሬት ማይንድስ ይግባኝ አለ፤ የሁለተኛው ሰርኪዩት (የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች የተከፋፈሉበት የግዛት ክልል) ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2018 ውሳኔውን አጸና። ሁለቱም የወሰኑት ምስክር ሰምተው አይደለም። በክሱ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው ተብሎ ቢወሰድ እንኳ የክስ ምክንያት የለውም ነው ያሉት። መደብሩ ማባዛቱ፣ ማስከፈሉ፣ ማትረፉ አልተስተባበለም። የቀረው ፈቃዱን ማንበብ ብቻ ነበር።

የንባቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የትምህርት ወረዳ ሰው አይደለም፤ እጅና እግር የለውም። የሚሠራው ሁሉ በሌሎች እጅ ነው። በደመወዝ በቀጠራቸው ሠራተኞች ሊሠራ ይችላል፤ ለአንድ ሥራ ብቻ በተዋዋለው ወኪልም ሊሠራ ይችላል። ፈቃዱ «በራስህ ሠራተኛ ብቻ አባዛ» የሚል ቃል የለውም። ባለፈቃዱ የተፈቀደለትን ለመፈጸም ሌላ ሰው ቢያሠራ፣ የተሠራለት ሥራ የባለፈቃዱ ነው፤ ሠራተኛው በዚህ ምክንያት ራሱን የቻለ ፈቃድ ተቀባይ አይሆንም። ስለዚህ ያ «ለደረሰው ሁሉ» የሚለው አንቀጽ መደብሩን አያስረውም። መደብሩ በመጽሐፉ ለራሱ የሚያደርገው ነገር የለም፤ አያስተምርበት፣ አያከፋፍለው፣ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጠው። የሚሸጠው የማባዛት ድካሙን ነው። ለዚያ ድካም የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ የተባዛው ዩሬካ ማዝ ሆነ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አይለወጥም። ይህቺ የመጨረሻዋ ንጽጽር የእኔ ናት።

የከሳሹ ትርጉም ቢጸና ምን ሊመጣ እንደሚችል በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አስቡት። መምህሩ ራሱ ቢያባዛ ተፈቅዷል። ትምህርት ቤቱ ለሁለት ሳምንት ጊዜያዊ ሠራተኛ ቀጥሮ በኪራይ ማሽን ቢያባዛ ተፈቅዷል፤ ሠራተኛውም አከራዩም ገንዘብ ተቀብለዋል። መምህሩ መደብሩ ውስጥ ገብቶ በራስ አገልግሎት ማሽን ላይ ከፍሎ ቢያባዛ አባዢው እሱ ነው። ያው መምህር፣ በዚያው መደብር፣ ያንኑ ፋይል፣ ለዚያው ክፍል፣ ባንኮኒው ላይ ላለው ልጅ ሰጥቶ «አንተ አባዛልኝ» ካለ ግን ሕገ ወጥ ይሆናል። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ተማሪው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጣቱ የማን ነው የሚለው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ከፈቃዱ ውስጥ ተነቦ አይወጣም።

ከዚህ ሐሳብ የራሴን ደረጃ ልጨምር። ዛሬ አብዛኛው ማባዛት በወረቀት አይደለም። ትምህርት ቤት ፋይል የሚያስቀምጠው በክፍያ በሚከራየው ሰርቨር ነው፤ ፋይሉ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲሄድ በየመንገዱ ኩባንያዎች ይገለብጡታል፣ ሁሉም ያተርፋሉ። የኮፒ ሠራተኛው ጣት ኃጢአት ከሆነ የሰርቨሩም ኃጢአት ነው። እንዲያ ከሆነ ደግሞ «ለንግድ ያልሆነ» የሚል ፈቃድ ያለው አንድም ነገር በትምህርት ቤት መጠቀም አይቻልም ነበር።

ፈቃዱን የጻፈው ክሪኤቲቭ ኮመንስ ራሱ በክርክሩ ሐሳቡን ለማሰማት እንደ ፍርድ ቤት ወዳጅ፣ ማለትም ተከራካሪ ሳይሆን ፍርድ ቤቱን በሐሳብ እንደሚረዳ አካል፣ ጠይቆ ነበር፤ የቆመውም ከመደብሩ ትርጓሜ ጎን ነው። ሰነዱን የቀረጸ አካል ፈቃዱን መርጦ ከተጠቀመበት ድርጅት ተቃራኒ መቆሙ ቀላል ነገር አይደለም። ለእኔ የሚያሳየኝ፣ ባለመብት ፈቃድ ሲመርጥ በልቡ ያሰበው ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ያለው እንደሚያስረው ነው።

በ1991 የተረታው መደብር

ይህን ክስ ሳጠና ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ የመደብሩ የዘር ሐረግ ነው። ፌዴክስ ኦፊስ ቀድሞ ኪንኮስ ይባል ነበር፤ ፌዴክስ በ2004 ገዝቶት በ2008 ስሙን ቀየረው። ኪንኮስ ደግሞ በትምህርት ኮፒ ጉዳይ በጣም ከሚጠቀሱት የአሜሪካ ፍርዶች በአንዱ የተረታ ነው።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከተለያዩ መጻሕፍት ምዕራፍ ምዕራፍ እየመረጡ ለኪንኮስ ይሰጡ ነበር፤ መደብሩ በአንድ ጥራዝ አሰባስቦ ለተማሪዎች ይሸጣል። አሳታሚዎች ከሰሱ። ኪንኮስ «የማደርገው ለትምህርት ስለሆነ ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው» አለ፤ ይህም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በተወሰነ ሁኔታ መጠቀምን የሚፈቅድ የሕጉ ልዩ ሁኔታ ነው። የኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1991 አልተቀበለውም፤ የተማሪው ዓላማ ትምህርት ቢሆንም የመደብሩ ዓላማ ትርፍ ነው ብሎ 510,000 ዶላር ካሳ ፈረደበት። በ1996 የስድስተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በሚሺጋን አን አርበር ከተማ ባለ አንድ ኮፒ ቤት ላይ በተመሳሳይ መንገድ ወሰነ።

እነዚህን ፍርዶች የሚያውቅ ሰው በ2016 ተከሳሹ ዳግመኛ ይረታል ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ያው መደብር፣ ያው ትምህርት፣ ያው ትርፍ። ለምን ተገለበጠ?

በ1991 ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም። መጻሕፍቱ መብታቸው በሙሉ የተጠበቀ ነበር፤ መምህሩ ራሱም የማባዛት ፈቃድ አልነበረውም። ኪንኮስ የተንጠለጠለው በሕጉ ልዩ ሁኔታ ላይ ነው፤ ልዩ ሁኔታውን የሚጠይቅ ሰው ደግሞ በራሱ አጠቃቀም ይመዘናል። በ2016 ግን ባለመብቱ ራሱ ለትምህርት ቤቱ «አባዛ» ብሎታል። ፈቃድ ያለው ሰው ላኪ ሲሆን ተላኪው በላኪው ፈቃድ ይንቀሳቀሳል። ክፍት ፈቃድ ለትምህርት ምን ዋጋ እንዳለው ለሚጠይቀኝ ሰው የማሳየው ይህን ነው። በሁለቱ ፍርዶች መካከል የተለወጠው በመጽሐፉ ጀርባ የተጻፈው የፈቃድ መስመር ነው፤ መምህሩም ኮፒ ቤቱም እንደ ድሮው ናቸው።

ሁለተኛው ዙር

በዚህ አላበቃም። ኦፊስ ዲፖ የተባለው ኩባንያ ከፌዴክስ በተለየ ከግሬት ማይንድስ ጋር ስምምነት ነበረው፤ ዩሬካ ማዝን ለትምህርት ቤቶች ሲያባዛ ሮያሊቲ ይከፍል ነበር። በ2017 የመጀመሪያው ፍርድ ሲሰማ ኩባንያው ከስምምነቱ ወጥቶ ያለ ክፍያ ማባዛቱን ቀጠለ። ግሬት ማይንድስ በካሊፎርኒያ ከሰሰው። አዲሱ ሙግት፣ ኦፊስ ዲፖ ደንበኛ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄደ «እኛ ዘንድ አባዙት» ብሎ ይቀሰቅሳል የሚል ነበር።

የዘጠነኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 27 ቀን 2019 ይህንንም ውድቅ አደረገ። ደንበኛ መፈለጉ ነገሩን አይለውጠውም። ይባዛ ብሎ የሚወስነው፣ የተባዛውን የሚረከበው፣ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤቱ እስከሆነ ድረስ አገልግሎት ሰጪው የፈቃዱ ተገዢ አይሆንም።

በዚህኛው ዙር ለግሬት ማይንድስ ከልቤ አዝኛለሁ። ቀድሞ የነበረውን ገቢ በአንድ ፍርድ አጣ፤ ያ ገንዘብ ለቀጣዩ መጽሐፍ ጸሐፊ ሊከፈል ይችል ነበር። ግን ደግሞ በሌላው ወገን ያለውን ሒሳብ ማሰብ አለብን። ያ ሮያሊቲ በመጨረሻ ከትምህርት ቤቱ ኪስ መውጣቱ አይቀርም፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ፋይሉን የመረጠው ነፃ ነው ተብሎ ነው። ከወረቀት ሽያጭ መኖር የሚፈልግ ድርጅት የተሻለ ጥራዝ፣ የተሻለ ወረቀት፣ ከመጽሐፉ ጋር የሚመጣ የመምህራን ሥልጠና አቅርቦ ሊሸጥ ይችላል። ወይም ሌላ ፈቃድ ይምረጥ። የማይሆነው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ስም ለቅቆ በጎን «ኮፒ ቤት አይሂድ» የሚል ገደብ መጨመር ነው፤ የፈቃዱ ባለቤት ድርጅት ተጨማሪ ገደብ የተጫነበትን ነገር በእሱ ስም መጥራትን አይፈቅድም።

ፍርዱ የማይሸፍነው

ፍርዱን ሰምቶ «እንግዲህ ኮፒ ቤት የፈለገውን ያድርግ» የሚል አለ። ስህተት ነው። ኮፒ ቤቱ 90 ጥራዝ ታዞ 120 አትሞ ትርፉን መደርደሪያ ላይ ቢደረድር ያ የራሱ ንግድ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ፈቃድ አይከልለውም። ፋይሉን በኮምፒውተሩ አስቀርቶ ለሚቀጥለው ደንበኛ «አለን» ብሎ ቢሸጥም ያው ነው። ስለዚህ ሥራ ስትሰጡ ስንት ቅጂ ለየትኛው ክፍል እንደሆነ የጻፋችሁበትን የትእዛዝ ወረቀት አስቀምጡ፤ ፋይሉም ከማሽናቸው እንዲጠፋ ጠይቁ።

የማተሚያ ወጪውን ከተማሪ ስለመሰብሰብ እነዚህ ፍርዶች የተናገሩት የለም። ልክ የወጣውን ያህል፣ ሳንቲም ሳይጨመር ከሆነ፣ «በዋነኛነት» ከምትለዋ ቃል ተነሥቼ ለንግድ ነው ለማለት አልደፍርም። ለትምህርት ቤቱ ሌላ ወጪ መሸፈኛ ከተጨመረበት ግን ለባለመብቱ ጽፎ መጠየቅ ይሻላል፤ ብዙዎቹ በደስታ ይፈቅዳሉ።

ከሁሉ በላይ የማዝነው ግን ማንም ስለማይከሰስበት ነገር ነው። ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል መጀመሪያ የሚጣለው የፈቃዱ ገጽ ነው። ከምዕራፍ ሦስት ጀምሮ ይባዛል፣ ርዕስና ስም ያለበት ገጽ ይቀራል፤ በዓመቱ ያ ጥራዝ የሌላ መምህር እጅ ሲገባ የማን እንደሆነ፣ መባዛት ይችል አይችል እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ክፍት የነበረ ሥራ በዚህ ሁኔታ ይዘጋል። ስም መጥቀስ የፈቃዱ የመጀመሪያ ግዴታ ነው። የሥራው ርዕስ፣ የሠሪው ስም፣ የተገኘበት አድራሻ፣ የፈቃዱ ስም፣ የተለወጠ ነገር ካለም መለወጡ፣ ይህ ሁሉ በገጽ ግርጌ ሁለት መስመር ነው የሚወስደው። የተረሳ እንደሆነ ደግሞ ዕትም 4.0 ምሕረት አለው፤ ጥሰቱን ባወቁ በ30 ቀን ውስጥ ላስተካከሉት ሰዎች የተቋረጠው ፈቃድ በራሱ ይመለሳል።

የሁለቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች ውሳኔ የሚያስረው በየክልላቸው ያሉትን ነው። የሁለተኛው ሰርኪዩት ኒው ዮርክን፣ ኮነቲከትንና ቨርሞንትን፣ የዘጠነኛው ደግሞ ምዕራባውያን ስቴቶችን ይሸፍናል። ነገሩ ከተነሣባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ የሆነው ሚሺጋን ግን በስድስተኛው ሰርኪዩት ሥር ነው፤ በ1996 የአን አርበሩ ኮፒ ቤት የተረታበት። በዚያ ያለ የትምህርት ወረዳ ዛሬ ፋይሉን ይዞ ወደ መደብር ሲሄድ የሌላ ክልል ፍርድ እያሳየ ነው የሚከራከረው። በእጁ ያለው ፈቃድ ግን ኒው ዮርክም ካሊፎርኒያም የተነበበው ነው፤ አንድ ቃል አልተለወጠበትም።